ጋሼ ፈረደና ተዘቅዝቆ የሚነሣው ኮምፒውተር

ቋ... ቋ... ቋ...

የዚያ ቬንትሌተር ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መተማ አጠገብ፣ ኮኪት ሳስተምር፣ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኮርኒስ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቀድሞ ያለ ድምፅ ይዞር እንደ ነበር የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፤ ጋሼ ፈረደ ከማበጀታቸው በፊት ማለት ነው። ካበጁት ወዲያ በየዙሩ እያነከሰ ይሄድ ጀመር። "ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" ስንላቸው፣ "አሁን መሥራቱን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ታውቃላችሁ። ድሮ መቼ እንዲህ ነበር!" አሉን። እውነት ነው፤ እንዲህ አልነበረም።

ጥበቃ የሌለው መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆናል። ማኅተሙ የጠፋበትም አይታጣም። "ቆዩ፣ አትንኩት!" የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ከመተማ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወዲያ፣ እኔ አልገጠመኝም። ቁልፍ እንቢ ሲል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ራዲዮ ሲታፈን ከየት መጣ ሳይባል ይደርሳል። እጅጌውን ይሰበስባል። ተመልካቹን ወደ ኋላ ገፋ ገፋ ያደርጋል። በሽታውን ይናገራል፤ ዕቃውን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። "አላውቅም" የሚለውን ቃል እናቱ አላስተማረችውም።

የእኛው ሊቀ ጠበብት ክቡር ጋሼ ፈረደ፣ የብረት ሐኪምና የፕላስቲክ ወጌሻ፣ በሥራ መደባቸው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነድተዋል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ኪስ እሳቸው ካቻቪቴ ይሰካሉ። ጥገናቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው፣ ከድንበር ማዶ በለመዱት ቋንቋ፣ "ኻላስ! ተማም!" ይላሉ፤ አለቀ፣ ደኅና ሆነ ማለታቸው ነው።

ያበጁትን ሁሉ ብዘረዝር አልዘልቀውም። የአንድ ክሊኒክ ሚዛን ካበጁ በኋላ የኮኪት ሰው በአንድ ሳምንት ወፈረ፤ ከሲታው የሒሳብ መምህራችን እንኳ ሱሪ ሊያሰፋ ልብስ ሰፊ ቤት ታይቷል። የሰልፉን ድምፅ ማጉያ ካበጁ በኋላ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ስለ ጽዳት ሲናገሩ መሐል ላይ የሱዳን ዘፈን ይገባ ጀመር። ተማሪው ከዚያ በፊት ለሰልፍ እንዲያ በጊዜ መጥቶ አያውቅም። እኔም የእጅ ሰዓቴን ማሰሪያውን ብቻ እንዲያጠብቁልኝ ብሰጣቸው ሆዱን ከፍተው መለሱልኝ። "ጋሼ፣ ከፀሐይዋ ጋር አልገጥም አለ እኮ" ብላቸው፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ "ሰዓቱ ደኅና ነው። እሷን ተጠራጠር" አሉኝ።

ታዲያ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገደማ ለትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ከነማተሚያው መጣ። ያገለገለ ነው፤ ስክሪኑ ከኋላው እንደ ጆንያ ያበጠ፣ ብቻውን የሚያነሣው ሰው የሚያቃስትበት። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ጸሐፊያችን ጸዳለ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈተና የምታባዛው በእጅ በሚዞር ማባዣ ስለ ነበር ቀለሙ እስከ ክርኗ ይወጣል። በፈተና ሰሞን ሰላም ሲሏት እጇን አትዘረጋም፤ ትከሻዋን ነው የምትሰጥ። ኮምፒውተሩን ተማረች፣ ጣቶቿም ጠሩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ "መምህር፣ እጀን እዩልኝማ! የሙሽራ እጅ አይመስልም?" አለችኝ።

ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ተራግፎ የከተማው አየር ሁሉ እብቅና አቧራ በሆነበት ሰሞን፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ብገባ ጸዳለ አንገቷን ጠምዝዛ፣ አገጯን ወደ ኮርኒሱ ልካ ቆማለች። የኮምፒውተሩ ምስል ተዘቅዝቋል። ጽሑፉ በሙሉ በራሱ ቆሟል። አጥፍታ ብታበራው ያው ነው፤ ሲነሣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚመጡት ነጫጭ ፊደላት ቀጥ ብለው ይታያሉ፣ ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊው ገጽ ሲገባ ግን ግልብጥ ይላል።

"ቆዩ፣ አትንኩት!"

ጋሼ ፈረደ በሩ ላይ ናቸው። ገና ሳይቀርቡ በሽታውን ተናገሩ።

"ቆላው አልተስማማውም።"

"ማንን?" አለች ጸዳለ።

"ይኽን ነዋ! ከየት መጣ? ከደጋ። ለአጨዳ የሚወርዱትን ሳሉጎች አላየሽም? ደገኛ ቆላ ሲገባ መጀመሪያ ሰሞን ምን ይሆናል? ሙቀቱ አዙሮ ይጥለዋል።"

"ጋሼ፣ ሳሉግ እኮ ሰው ነው። ይኼ ዕቃ ነው።"

"ታዲያ ሰው ያልቻለውን ሙቀት ዕቃ ይችለዋል ትያለሽ?"

ጸዳለ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ላድርግ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ።

ሕክምናው በዚያው ቀን ተጀመረ። ቀትር ላይ እንዳይበራ ታዘዘ። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ራቀ። ሲመሽም አጎበር ተዘረጋበት። "ወባ እንዳይዘው ነው?" ብዬ ብቀልድ፣ በሐዘኔታ አዩኝና፣ "ትንኝ የት የት እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር።

ሕመምተኛው አልተሻለውም። ያን ጊዜ ጋሼ ሁለተኛውን መድኃኒት አወጡ። ምስሉ ከተገለበጠ ስክሪኑን መገልበጥ ነው! ከተሰበረ ዴስክ እንጨት አልጋ ሠሩለት፤ ያን ከባድ ነገር በራሱ አቆሙት፤ ጆንያ በሚሰፋበት ሲባጎ ጠፍረው አሰሩት። ሲበራ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ መጣ። "ኻላስ! ተማም!"

ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ሠራ። ማብሪያው ከላይ ሆነ እንጂ ሌላ ነገር አልጎደለም። አሁን ደግሞ ሲነሣ ነጫጮቹ ፊደላት ተዘቅዝቀው ይመጡና ሰማያዊው ሲገባ ይቃናሉ፤ ጋሼ ይህንንም "ሰውስ ሲነቃ ወዲያው ይቃናል?" ብለው አስረዱን። ጸዳለ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ለመደችው። የዚያ ዓመት የመንፈቁ ፈተና በራሱ በቆመ ኮምፒውተር ተጽፎ ሳይዛነፍ ወጣ። ጋሼም አቧራው ከጀመረበት ከኅዳር አንሥቶ በየማለዳው ከሁላችን ቀድመው ገብተው ያበሩታል። "ሞተር ሳይሞቅ አይነካም" ይሉና፣ እስኪሞቅ ድረስ በጨርቃቸው ላዩን ታቹን፣ ኪቦርዱንም እየጫኑ ይወለውሉታል። የትራክተር ልማዳቸው ነው። እብቅ ውስጥ የዋለ ሰው አቧራ አይወድም።

የካቲት ላይ ወሬ መጣ። አንዲት ባለሙያ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ኮምፒውተሮችን ታያለች፤ የተበላሸውን ጭና ትሄዳለች። ተጭኖ የሄደ ነገር ደግሞ ሲመለስ ያየ የለም። ጸዳለ መጋዘን ገብታ አሮጌውን ማባዣ ስታየው አገኘኋት። ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

"ጋሼ፣ እንዲህ ካየችው ትወስደዋለች" አለቻቸው።

"ምን ሆነና? ይሠራል!"

"በራሱ ቆሞ ነዋ የሚሠራው!"

"አንች ጸዳለ! የሌሊት ወፍስ እንዴት ነው የምትተኛ? ታማለች?"

ባለሙያዋ አይናዲስ ትባላለች፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ቁጥብ ልጅ ናት። ፒካፑ ላይ አስቀድሞ ሁለት ኮምፒውተር ተጭኗል። ጸዳለ በመስኮት አየቻቸውና ፊቷ ተለወጠ። አይናዲስ ገብታ አጎበሩን ገለጠች። አልጋውን አየች። ሲባጎውን በጣቷ ነካችው።

"ይኼን ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ ልጀ" አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ቆላው አልተስማማውም ነበር።"

አልሳቀችም። ተቀመጠችና ሦስት ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ተጫነች። ምስሉ ዞረ፤ ስክሪኑ በራሱ ስለ ቆመ ተዘቅዝቆ ታየን እንጂ መቃናቱስ ተቃንቷል። "አሁን ፍቱትና በእግሩ አቁሙት" አለች። ፈታነው። አጥፍታ አበራችው። ነጫጮቹም ሰማያዊውም ቀጥ ብለው መጡ። ጸዳለ እልል አለች። ጋሼም፣ እሳቸው ያቃኑት ይመስል፣ "ኻላስ! ተማም!" ብለው ጨርቃቸውን አወጡና በደስታ ኪቦርዱን ከጥግ እስከ ጥግ አበሱት።

ምስሉ ተዘቀዘቀ።

እልልታው ተቋረጠ። አይናዲስ መልሳ አቃናችው። "አባቴ፣ እስቲ እንደገና ይወልውሉት።" ወለወሉት። ተዘቀዘቀ።

"ሁልጊዜ በርቶ ሳለ ነው የሚወለውሉት?"

"ሞተር እየሞቀ ነዋ የሚወለ..." አሉና አልጨረሱትም። እጃቸውን አዩ። ሦስቱ ቁልፎች ተጎራብተው የተቀመጡበትን የኪቦርዱን ቀኝ ጥግ አዩ።

"እኔ ነኛ!" አሉ። እንዲያ በቀጠነ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ብለው ወደ ፒካፑ ተመለከቱ። "ልጀ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የዕቃው አይደለም። ይችን ልጅ ወደዚያ ቀለም አትመልሻት። እኔ ወደዚህ ክፍል እንዳልገባ ከልክይኝና ይብቃ።"

ጸዳለ አንገቷን ደፋች። አይናዲስ ካቻቪቴ ጠየቀች፤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ ባትሪ አበራችበትና እያገላበጠች አየችው።

"ውስጡንስ ማን ነው የሚያጸዳው?"

ጋሼ ሌላ ጥፋት የተገኘባቸው መስሏቸው መሬት መሬት አዩ። ጸዳለ መለሰችላቸው። "እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት መንፊያ ይነፉታል፣ በዶሮ ላባም ይጠርጉታል። ኧረ ይተዉ ብያቸው ነበር።"

"እነዚያ ሁለቱ በምን እንደ ሞቱ ታውቃላችሁ?" አለች አይናዲስ፣ በአገጯ ወደ ፒካፑ እያሳየች። "በሰሊጥ አቧራ። የአንዱን ሆድ ስከፍት እንሽላሊት እንቁላል ጥላበታለች። ወደ ቆላ ከወረድሁ ጀምሮ ውስጡ እንዲህ የጠራ ያየሁት ይኼን ብቻ ነው።" ክዳኑን መልሳ ገጠመች። "አይሄድም። እርስዎም መወልወሉን እንዳይተዉ አባቴ፤ ብቻ ሲጠፋ ይሁን። አጎበሩም ይቆይ።"

ጸዳለ ሄዳ የጋሼን ትከሻ ሳመች።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። የሆነውን ሁሉ ከሥሩ የሚያስረዳ፣ ትራክተርም ደጋም ቆላም የሚገባበት አንድ ረጅም ንግግር መምጣቱ አይቀርም ብለን ጠበቅን። ስንት ዓመት ዝም ቢሉልኝ ብዬ ስመኝ የኖርሁ ሰው፣ ያን ቀን አፍ አፋቸውን እያየሁ አንዲት ቃል ለመንሁ፤ የፈለገችውን ያህል የተሳሳተች ትሁን።

ጋሼ ፈረደ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ደኅና ሁኑም ሳይሉን ቀስ ብለው ወጡ።