ነገ የሚቀረጸው ፊልም

ከሰዓት በኋላ ፊልም ሠርቶ ሲመሽ የሚያፈርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ጭሮ ብቅ በሉ። እኛ ጫት ይዘን በርጫ ላይ የምንቀመጠው ሁላችንም ዳይሬክተር ነን።

የሥዕል መምህሩ ጌታቸው ከመቶ ዓመት በኋላ የምትኖረውን ጭሮ በኮሚክ መጽሐፍ ሣላት፤ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ በብረት መርከብ ወደ ሌላ ኮከብ ሲሰደድ። “ይኼማ ፊልም ነው!” አልን። ጫት እያለ ምን ይቸግራል? መርከቧን ከአሰቦት ተራራ አናት አስነሣናት፤ ደመናውን ሰንጥቃ ሄደች። ሲመሽ ምርቃናው ይወርዳል፣ መርከቧም አብራ ትወርዳለች። እኛም ወደየቤታችን እንበተናለን።

የምር ያመነን በያጁ ከድር ብቻ ነበር። የካፒቴኑ ሚና የሱ ስለነበር የመርከቧን በር ከቆርቆሮ በይዶ አመጣና የበርጫ ቤታችን ግድግዳ ላይ አስደገፈው። “መቼ ነው የምንጀምረው?” ይለናል በየቀኑ።

“ነገ፣ ኢንሻአላህ!”

ዋሽተን መሰላችሁ? በዚያ ሰዓት እኮ የምራችንን ነው!

አንድ ቀን ከድር ቀረ። ዓረብ አገር ሊሻገር በቦርደዴ አድርጎ ወደ ባሕር እንደወረደ፣ የተሳፈረባት ጀልባም እንደሰጠመች ሰማን። ለእናቱ የሚነግር ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት በርጫው ደርቶ ሳለ እናቱ አዴ ፋጡማ በሩ ላይ ቆሙ።

“ልጆቼ፣ ከድር ለፊልሙ ሩቅ አገር እሄዳለሁ ብሎኝ ነው የወጣው። መቼ ነው የሚመለሰው?”

ጌታቸው እኔን አየኝ። እኔ የቆርቆሮውን በር አየሁ።

“ነገ” አልናቸው።

“ኢንሻአላህ” ብለው፣ እየመረቁን ሄዱ።