ጎማዎች የፈተኑኝ ቀትር

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ከአባዬ ጎሚስታ ቤት ጀርባ ጥላ ውስጥ ባለው የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተጋድሜ ሕልም አየሁ። ሰው ሕልሙን ሲያወራ እንደሚሰለች አውቃለሁ፤ እኔም የሰው ሕልም ሲነገረኝ አዛጋለሁ። ይሄኛውን ግን ስሙኝ፤ የአምስት ሰው ነፍስ አለበት።

በመጀመሪያ ከመተኛቴ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሕልሙ አይገባችሁም። መተሐራ በግንቦት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ አስፋልቱ ይለሰልስና ነጠላ ጫማችሁን ከእግራችሁ ይነጥቃችኋል። አቶ ንጋቱ የሚባል ሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን በነጭ ኮሮላ ጭኖ ወደ ሰመራ ሲወርድ እኛ ጋ ቆመ። አዳማ ላይ አራት ጎማ በርካሽ ገዝቶ ኖሯል። ጥቁረታቸው ያበራል፤ ጥርሳቸው አንዱም አልተበላም። ለፍጥነትና ለሙቀት ተብለው የተሠሩ የበጋ ጎማዎች ናቸው ብለው ነው የሸጡለት።

"ወንድሜ ዘርጋው፣ እስቲ እይልኝ፤ ለዚህ ሙቀት ይሆኑኛል?" አለው አባዬን።

አባዬ በእጁ ዳበሳቸው። የጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ጎማው መቼ እንደተሠራ ማለት ነው። ያንን ሁልጊዜ የሚያነበው ራሱ አባዬ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን መነጽሩ ላይ ክሪክ ወደቀበት፤ ከዚያ ወዲህ አንባቢዋ እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ አራት ቁጥር ለማንበብ ይተርፋል ብዬ ነበር።

"ማስተዋል፣ ስንት ዓመታቸው ነው?" አለኝ።

2316 ይላል። ሃያ ሦስተኛ ሳምንት፣ ዓመቱ ዐሥራ ስድስት። ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ነው። "ሁለት" አልኩ። "ገና ልጆች ናቸው።"

አቶ ንጋቱ ሳቀ፣ ጎማዎቹ ተገጠሙ፣ እሱ ከነቤተሰቡ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ገባ፤ እኔ ተኛሁ።

ዓይኔን ብጨፍን ብገልጥ መንገዱ ተገልብጧል። ሰዎች አራት አራት እየሆኑ መኪና ተሸክመው አስፋልቱ ላይ ይሮጣሉ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከአንድ ሚኒባስ ሥር፣ ከኋላ በግራ በኩል ሆኖ ያለከልካል፤ ከረባቱን ግን አልፈታም። መናኸሪያው በር ላይ ሰዎች ቆመው "አንድ መኪና የቀረው፣ አንድ መኪና" እያሉ ይጣራሉ። ሚኒባሶቹ ይኮራሉ፤ "እናንተ ጋ ትርፍ ይጫናል" እያሉ ያልፋሉ። መገንጠያው ላይ አንድ ግመል ነጭ ጓንት አድርጎ ትራፊክ ያስተናብራል፤ ያጠፋ ሰው ሲያገኝ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ይበላዋል። ቀልድ አይደለም፤ ያኝከዋል።

የአባዬ ቤት በቦታው አለ፤ ማስታወቂያው ግን ተቀይሯል፤ "ሰው እንነፋለን። ሰው እንለጥፋለን። ያገለገለ ሰው እንገዛለን" ይላል። ውስጥ ሁለት የሞተር ሳይክል ጎማዎች የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክረው አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይፈልጋሉ።

"የሚያፈስሰው በአፉ ነው" አለ አንደኛው።

"በአፉ ከሆነ አይለጠፍም" አለ ሌላው። "ማታ ስብሰባ አለበት።"

ይሄኔ አንዲት ነጭ ኮሮላ ሦስት ትንንሽ ባጃጅ ልጆቿን አስከትላ ገባች። ትንሿ ባጃጅ ታለቅሳለች፤ መሐለኛው በጥሩምባው ይጫወታል።

"ወደ ሰመራ ነው የምወርደው" አለች ኮሮላዋ። "ሦስት ሰው ተገጥሞልኛል፤ አራተኛ አጣሁ። ለበጋ የሚሆን ፈጣን ሰው የላችሁም?"

"ይቺ ቆማለች" አለ አንድ ድምፅ፣ እኔን። "እንፈትናትና እንስጥሽ።"

የተናገረው የፈታኞቹ ሰብሳቢ ነው። ጥቁረቱ የሚያበራ፣ ከላስቲኩ ገና አሁን የወጣ የሚመስል ጎማ ነው፤ ጎኑን ለግድግዳ ሰጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ስምሽ?"

"ማስተዋል።"

"ስም እንኳ አያስፈልግም፤ ለአሠራሩ ያህል ነው። ሩጪ።"

ሮጥኩ። አስፋልቱ ይለበልባል። "ፍሬን" አለኝ። እኔ ቆምኩ፤ ተረከዜ ግን ትንሽ ሄደ። አንድ የጋሪ ጎማ የተንሸራተትኩትን በእርምጃ ለካው፤ የጋሪ ጎማ እርምጃ ከየት አመጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ። "ስድስት ከዐሥር" ብሎ ጻፈ። ቀጥለው አንድ በርሜል ውሃ መንገዱ ላይ ደፉና "አሁን ወደ ግራ ታጠፊ" አሉኝ። ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ መሬቱ ወደ ቀኝ ሄደ። በቂጤ ተንሸራትቼ ሻይ ቤት ወንበሮች መሐል ገባሁ።

"እርጥብ ላይ ሦስት ከዐሥር" አለ የጋሪው ጎማ። አሰበና "ወንበር ስላልሰበረች አራት" አለ።

"በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት እንጀራ ትበላለች?" ስትል ጠየቀች ኮሮላዋ።

"አምስት" አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ከውሃ ገንዳው ብቅ አለ። "ጎረቤቴ ናት፤ ስምንት" አለና መልሶ ጠለቀ።

"ድምፅስ?" አለ ሰብሳቢው።

"ዜሮ። ከተነሳች ጀምሮ ዝም ብላ አታውቅም" አለ የጋሪው ጎማ።

"ሙቀቱ ነው የሚያስለፈልፈኝ" አልኩ።

"ግድ የለም፣ መስኮት ዘግቼ እሄዳለሁ" አለች ኮሮላዋ። "ልጆቼም ጩኸት ለምደዋል። ዕድሜዋን ብቻ እዩልኝ። ያረጀ ሰው ሙቀት ላይ ይፈነዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ልጆች ይዣለሁ።"

ሰብሳቢው ጆሮዬን አጠፈና ከጀርባው ያለውን አነበበ። እዚያ ጋ ጽሑፍ እንዳለኝ እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

"3102። ሠላሳ አንደኛ ሳምንት፣ ሁለት ሺህ ሁለት። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ነው" አለ። "ሃያ አራት ዓመቷ ነው።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ጎማ ሁሉ ፊሽ አለ።

"ከሃያ ያለፈ ሰው ለበጋ አይሆንም" አለ የጋሪው ጎማ። "ሆቴሉ በር ላይ ትተከል።"

ዞር ብዬ ሆቴሉን አየሁ። ያረጁ ሰዎች እስከ ወገባቸው ነጭ ቀለም ተቀብተው፣ ጭንቅላታቸው ላይ አበባ በቅሎባቸው በሩ ላይ ተደርድረዋል። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ከሁሉም ፊት ናቸው።

"ነይ፣ ማስተዋል" አሉኝ። "በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል፤ ነፋሻ ነው።"

"አልመጣም፣ መምህር። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሞላኝም ባለፈው ወር ነው።" ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። "ተሳስተዋል፣ ጌታዬ።"

"ሁለት ሺህ ሁለት ይላል።"

"በእኛ ነዋ ሁለት ሺህ ሁለት። እርስዎ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው።"

"ቁጥር ቁጥር ነው። የእኛ፣ የእናንተ የሚባል ቁጥር የለም።"

"አለ እንጂ። እኔ የተሠራሁት እዚህ መተሐራ ጤና ጣቢያ ነው። ዕቃ የሚነበበው በተሠራበት አገር አቆጣጠር ነው። ስምንት ዓመት እኮ ነው የጨመሩብኝ፤ ያውም ሴት ልጅ ላይ።"

 ትንሿ ባጃጅ ልቅሶዋን አቋረጠች።

"እስቲ ደግመሽ በይው" አለ ሰብሳቢው በቀስታ።

"ዕቃ የሚነበበው... በተሠራበት አገር..."

ሰብሳቢው ከወንበሩ ወረደና ቀስ ብሎ ዞረልኝ። ለግድግዳው ሰጥቶት የነበረው ጎኑ ላይ 2316 ይላል። ከበላዩ ያለው ጽሑፍ በሙሉ በፈረንጅ ፊደል ነው።

"እኔስ የት ነው የተሠራሁት?" አለኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። በፈረንጅ ዐሥራ ስድስት ማለት በእኛ ስምንት ነው። ከስምንት እስከ ዐሥራ ስምንት...

"ዐሥር ዓመትህ ነው" አልኩት። እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፋ።

"ቅድም ሁለት ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ" አለ። "ዐሥር ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አልሮጥኩም፤ ጥርሴ እንዳለ ነው። ቆዳዬ ብቻ ነው ትንሽ የደረቀ። ልጆቹ ደግሞ ደስ ይላሉ፤ አብሬያቸው ሰመራን ልየው እንጂ።"

"ትፈነዳለህ።"

"ምናልባት አዋሽ አርባን ካለፍን በኋላ" አለ። ብዙም የከፋው አይመስልም።

ኮሮላዋ ይህን አልሰማችም። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላ ልጆቿን ይዛ መውጣት ጀምራለች። ሰብሳቢው ወዲያው "ሰው ይቅርብሽ፤ እኔ አለሁልሽ" አላትና በአራተኛው ቦታ ራሱ ገባ። እንዳትቀበይው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዜሮ ያሉት ድምፄ እውነትም ዜሮ ሆነ።

ይሄኔ ሕልም መሆኑ ገባኝ። እዚህ ማንንም ባስቆም ዋጋ የለውም፤ ማስቆም ያለብኝ እዚያ ያለውን መኪና ነው፤ አቶ ንጋቱ ደግሞ ምሳ በልቶ እስኪጨርስ ብቻ ነው የሚቆየው። መንቃት አለብኝ።

"መንቂያ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ነው" አለኝ ግመሉ፣ መንጃ ፈቃዱን እያኘከ።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ሙሉ ጸሐፊዎችና ኃላፊዎች ተሰልፈዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ባለጉዳይ ሲጠብቁ የዋሉ ናቸው።

"እመቤት፣ እኔን አስቀድሚኝ፤ ሕፃን ትቼ ነው የመጣሁት" አለችኝ አንዷ ማኅተም ይዛ።

"እኔ በሁለት ኮፒ ነው ያመጣሁልሽ" አለ ከኋላዋ ያለው። "ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ትናንትም ነገ ና ተብዬ ነው።"

"መንቃት ነው የምፈልገው" አልኩ፤ ድምፄ ለእነሱ ሲሆን ይሰማል። "አሁኑኑ።"

ሁሉም በደስታ ተቃቀፉ። ባለጉዳይ አገኙ። "እሺ፣ እሺ፤ መጀመሪያ መተኛትሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለችኝ ባለማኅተሟ።

"ጻፉልኛ።"

"እኛ እኮ የምንችለው ማተም ብቻ ነው። አንቺ ጻፊው።"

እስክሪብቶ ሰጡኝ። በመስኮቱ ኮሮላዋ ትታየኛለች፤ ሰውና ጎማ ተቀላቅሎ ተሸክሟት ወደ አዋሽ አቅጣጫ እየዞረች ነው፤ ባጃጆቹ በኋላ መስታወት እጅ ያውለበልቡልኛል። "እኔ ማስተዋል ዘርጋው" ብዬ ጀመርኩ። ፊደሎቹ እየተንከባለሉ ከወረቀቱ ወረዱ። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ተንከባለሉ። ጸሐፊዎቹ ወለል ላይ ተንበርክከው ፊደል ይለቅማሉ፤ እኔ እያለቀስኩ እጽፋለሁ፤ መኪናዋ እያነሰች ትሄዳለች።

ከዚያ ጓ አለ።

ነቃሁ። ጉንጬ ላይ የጎማ ጥርስ ታትሟል። ባዶ እግሬን ወደ በሩ ሮጥኩ። አቧራው ሲገፈፍ ነጯ ኮሮላ እዚያው እንደቆመች ናት፤ ባዶዋን፣ በአንድ ጎኗ ተንበርክካ። ፀሐይ ላይ የዋለው የፊት ጎማዋ ጎኑ እስከ ቸርኬው ተተርትሯል። አጠገቧ ማንም የለም፤ አንዲት ፍየል ብቻ ደንግጣ የኪዮስኩ ጣሪያ ላይ ወጥታለች።

አቶ ንጋቱ ጉርሻውን እንደያዘ ከምግብ ቤቱ ሮጦ ወጣ። ከኋላው ሚስቱ። ከኋላዋ ልጆቹ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኳቸው፤ ሦስት ናቸው። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ ገና ልጆች ናቸው አላልሽኝም?" አለ አቶ ንጋቱ። ከዚያ በኋላ ያለኝን አልጽፈውም፤ እናቴ ማንበብ ትችላለች። "ደግሞ ያስቅሻል?"

"ይስደቡኝ፣ ጋሼ" አልኩት። "አያቋርጡ።" እንደዚያ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

አባዬ ቁጢጥ ብሎ የተተረተረውን ጎማ በጣቱ ዳበሰ።

"ማስተዋል፣ ቁጥሩን በይልኝ። ዕድሜውን አይደለም፤ ቁጥሩን።"

"ሃያ ሦስት፣ ዐሥራ ስድስት።"

"በማን አቆጣጠር?"

"በፈረንጅ።"

"ይህንን ከመቼ ወዲህ አወቅሽው?"

"አሁን። እንቅልፌ ላይ።"

አባዬ የቀሩትን ሦስት ጎማዎች አየ፤ ቀጥሎ ልጆቹን አየ። አቶ ንጋቱም የሚያየውን ተከትሎ አየና ስድቡን ተወው። እጁ ላይ የቀረውን ጉርሻ ለትንሿ ልጁ አጎረሳትና ጭንቅላቷን ይዞ ቆመ። አባዬ ሄዶ ክሪኩን አመጣ፤ ሦስቱንም ሊያወልቃቸው። ጎንበስ እንዳለ ቀና አለ።

"ከሰኞ ወዲህ የስንት ሰው ጎማ ነው ያነበብሽልኝ?"

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። ዐሥሩም ሲያልቁብኝ አባዬ በግሪስ የጠቆሩ የአንድ እጁን ጣቶች ዘረጋልኝ፤ በሌላው እጁ ሊደውልላቸው ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ነበር።