ሸራው እኛ ጋ፣ ብረቱ እነሱ ጋ

እናንተዬ፣ አንድ የፈረንጅ አገር «ከአውሮፓ ኅብረት እወጣለሁ» ብሎ ወስኖ ምክር ቤቱ አወጣጡ ላይ ዓመታት ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ስስቅ ነበር። ለካ የሚያስቀው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ የእኛው እድር ኖሯል!

የሰፈራችን ሰው አቶ ሽፈራው «በእድሩ ከታች ሰፈር ሰዎች እንለይ» ሲሉ እኛ ላይ ሰፈሮች አጨበጨብን። ከዚያስ? ተስማምተን እንውጣ ሲባል እጃችንን አውጥተን ተቃወምን። ሳንስማማ እንውጣ ሲባልም ተቃወምን። በቃ እንቆይ ሲባል አቶ ሽፈራው «ውርደት ነው!» ብለው ጮኹ። በእሁድ ስብሰባችን እስኪወሰን ድረስ የእድሩ ድንኳን ሸራ እኛ ጋ፣ ቋሚ ብረቱ እነሱ ጋ ይቀመጥ ተባለ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ማክሰኞ አቶ ሽፈራው ድንገት አረፉ። ሸራውን ተሸክመን ለቅሶ ቤት ደረስን፤ ብረቱ የተቆለፈበትን ቤት ቁልፍ የያዘው የታች ሰፈር ሰው ግን ጫጫ ከተማ ሄዷል። ይሄኔ በረዶ ወረደ። ደንግጬ የሸራውን ጫፍ ወደ ላይ አነሳሁ። የላዩም የታቹም ሰፈር ሰው ተከተለኝ። ያ ሁሉ ለተቃውሞ ሲወጣ የከረመ እጅ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ከሐዘንተኞቹ በላይ ተዘረጋ።

እንባዬ ሊመጣ ሲል አጠገቤ ሸራ የያዘው ጎረቤቴ ጠጋ ብሎ፣ «የእሁዱ ስብሰባ አይቀርም አይደል?» አለኝ።

«እንዴት ተደርጎ!» ብዬው እርፍ።