አባ ምላጭ አምስቱን ዓሦች የጠበቁበት ዘመን ዜና

ጸጉር ቤቱ በተከፈተ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ የመካከለኛው ወንበር ማዞሪያ በተሰበረ በሦስተኛው፣ የትልቁ ቶንዶስ ድምፅ በጎረነነ በሁለተኛው ዓመት፣ የሁለቱ መቀሶች ባለቤት፣ እጀ ቀሊል፣ ጢም ሰባሪ፣ ወሬ አዳማቂ የሆኑት ጸጉር አስተካካይ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ምላጭ የሚባለው፣ ፈረስ ግን በዕድሜያቸው ተቀምጠው የማያውቁት ጌታ፣ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው፤ ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ከጎረቤታቸው ከሰዓት ሠሪው ጠይቀን ጽፈናል።

በዚያ ዓመት የአባ ምላጭ ባለቤት፣ የቤቱ እቴጌ፣ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለ ተቃረበች ሊያርሷት ወደ ሌላ ከተማ ለአምስት ሳምንት ዘመቱ። እቴጌይቱ በሳሎናቸው በመስታወት ሣጥን የሚያኖሯቸው፣ ሲክሊድ የሚባሉ፣ የሐይቁ ዓሣ የቆሮሶ የሥጋ ዘመድ የሆኑ አምስት ዓሦች ነበሯቸው፤ እነርሱም ግርማ ያለው ሰማያዊው ወንድ፣ ዝምተኛዋ ቢጫ፣ ሦስቱም ዥንጉርጉር እህትማማቾች ናቸው። ሻንጣቸው በር ላይ ቆሞ ሳለም እቴጌይቱ ለባላቸው ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ስማ አንተ ሰውዬ። አምስት ትቼልሃለሁ፣ አምስት እረከባለሁ። ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ። አራት ሆነው ባገኛቸው ግን፣ አምስት ዓሣ መጠበቅ ያቃተው እጅ የልጅ ልጄን አያቅፍም። ምክንያት እንዳትደረድርልኝ፣ አውቅሃለሁ።»

አባ ምላጭም ሁለት ቀን ታዘዙ። በሦስተኛው ቀን ልባቸው ታበየ፤ ይህን የመሰለ ውበት ባዶ ሳሎን ውስጥ ለማን ይዋኛል ብለው፣ ሰዓት ሠሪውን አንዱን ጫፍ አስይዘው፣ ራሳቸው ሌላውን ይዘው፣ ግማሹን ውሃ በየመንገዱ እያፈሰሱ ሣጥኑን ወደ ጸጉር ቤታቸው አስገቡ፤ ከታላቁ መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያም አነገሡት። አምስቱ ዓሦች በመስታወቱ አሥር ሆነው በታዩ ጊዜ ደንበኛው ሁሉ ተደነቀ፤ አባ ምላጭም ሳሙና በእጃቸው እንደ ያዙ «አሥር ናቸው። ያላመነ ይቁጠር» ሲሉ አወጁ።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ጦርነት ሆነ። ሰማያዊው ወደ መስታወቱ ቢመለከት፣ ቁመቱም ቁጣውም እንደ እርሱ የሆነ ሌላ ሰማያዊ ጌታ በድንበሩ ላይ ቆሞ አየ። ክንፉን ነፋ፤ ያም ነፋ። ወረደበት፤ ያም ወረደበት። ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሩን ከመስታወት ሲያላትም ሰንብቶ ድል ቢያጣ፣ በውጭ ያልቀናው በቤቱ ይጨክናልና፣ በገዛ ዘመዶቹ ላይ ዞረ። የታናሿን ዥንጉርጉር ጅራት ቦጨቀው፤ ቁስሉም እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አበቀለ። ቢጫዋ ደግሞ ምግብ ተወች፤ ጉሮሮዋ አበጠ፤ በሣጥኑ ካለው ድንጋይ ኋላ ገብታም ቀረች። አባ ምላጭ ይህን ባዩ ጊዜ ያልተወለደው የልጅ ልጃቸው ከክንዳቸው ሲወጣ ታያቸው፤ የሚላጨውንም ሰው ግማሽ ፊቱን ረስተው ተቀመጡ።

ታማኞቻቸውን ሰበሰቡ። የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ወረንጦው የማይስተው ሰዓት ሠሪ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው፣ ነጭ ጋዋኗን ለምሳ እንኳ የማታወልቀው ፋርማሲስት፤ የሚቆረጥ ጸጉር ሳይኖራቸው ሃያ ዓመት በየማለዳው የሚመጡት፣ ጋሽ ጋዜጣ የሚባሉት ጡረተኛ። ሰዓት ሠሪው አስቀድሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ቢጫዋ ጉሮሮዋ ላይ የገባ ነገር አለ። እኔ ከስንቱ ሰዓት ሆድ ውስጥ ስንት ብሎን አውጥቻለሁ፣ ይሄ አያቅተኝም።» ፋርማሲስቷ ግን ሌላ አዋጅ አወጣች፦

«እኔ የምሸጠው የሰው መድኃኒት ነው። ጅራቷ የተነከሰውን ለብቻ አውጧትና ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉ፣ በየቀኑም ከፊሉን ቀይሩላት። ቢጫዋን አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ አላዝም፣ ጋሼ፣ እርስዎም ባይነኳት ጥሩ ነው።»

አባ ምላጭም የጸጉር መታጠቢያውን ገንዳ ሆስፒታል አድርገው ታናሿን አስተኙበት፤ ራሱን ሊታጠብ የመጣ ሁሉ ደረቅ ራሱን ይዞ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን ጥጡ ጠፋ፤ ጅራቷም ዳር ዳሩን ማቆጥቆጥ ጀመረ። ነገር ግን ሰማያዊው ገና እየተዋጋ ነበርና ወደ ሀገሯ ልትመለስ አልቻለችም።

ታላቁ ጥበብ የተገለጠው በአንድ ረቡዕ ማለዳ ነው። ጋሽ ጋዜጣ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለ መጡ፣ ብርሃን ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ተጠግተው ጋዜጣቸውን በሣጥኑና በመስታወቱ መካከል ዘረጉ። ማስታወቂያውን ሁሉ አንብበው እስኪጨርሱም ሰማያዊው ክንፉን አጥፎ እንደ በግ ዋኘ። አባ ምላጭ ይህን አይተው ምሥጢሩን ተረዱ፤ ያን ጊዜም እኔ ደረስኩበት ብለው አወጁ፤ ጋሽ ጋዜጣም የስፖርቱ ገጽ ላይ ስለ ነበሩ አልተቃወሙም። ፎጣውም፣ ከደንበኛ አንገት ላይ የሚታሰረውም ጨርቅ ሁሉ ወጥቶ በጸጉር ቤቱ ያለ መስታወት በሙሉ ተሸፈነ። በበሩም ላይ ይህ አዋጅ ተለጠፈ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ራሱን ማየት የሚፈልግ ቤቱ ሄዶ ይይ። እዚህ የማይህ እኔ ነኝ።»

ሕዝቡም በእምነት ተላጨ። አንዱ የግራ ጆሮ ግንዱ ጸጉር እስከ አገጩ፣ የቀኙ እስከ ጆሮው ጫፍ ሆኖ ወጣ፤ «አምሮብሃል» የሚል አዋጅ ተነገረለት፣ አመስግኖም ሄደ። ሰማያዊው ረጋ፤ ታናሿም ወደ እህቶቿ ገባች። የቀረችው ቢጫዋ ብቻ ናት። አራት ሳምንት ሊሞላት ምንም ሳትቀምስ ጉሮሮዋ እንዳበጠ ነበር፤ እቴጌይቱም፣ ልጃቸው በወለደች ቀን በስልክ «ወንድ ነው» ብለው እንዳወጁ፣ አሁን ደግሞ «ነገ እገባለሁ» ብለው አወጁ።

በማግስቱ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባልና፣ አባ ምላጭ የፋርማሲስቷን ቃል ተዉ። ቢጫዋን በመረብ አውጥተው ከገንዳው ላይ ያዟት፤ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወረንጦውን ወደ አፏ ሲያቀርብ በሩ ተከፈተ። ሳሎናቸውን ባዶ ያገኙት እቴጌ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያወርዱ አወጁ፦

«እጃችሁን ሰብስቡ።»

ሁሉም ሰበሰበ፤ ምንም ያልያዙት ጋሽ ጋዜጣ እንኳ ሰበሰቡ። ቢጫዋም ከመረቡ ወደ ገንዳው ወደቀች። እቴጌይቱ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«የምን በሽታ ነው? እናት ናት እኮ። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው ምግብ የተወችው። አምስት ሳምንት እርጉዝና አራስ ስጠብቅ ከርሜ አሁን እናት ትጠፋኛለች? ዞር በሉላት፣ አየር ስጧት።»

ዞር አሉላት። ጥቂት ቆይታም አፏን ከፈተች፤ ከእህል ቅንጣት የማይበልጡ ዓሦች አንድ በአንድ እየወጡ በገንዳው ተበተኑ። እቴጌይቱ በጣታቸው እያመለከቱ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ የመጨረሻውን አዋጅም ተናገሩ፦

«አምስት ትቼ ሃያ ሁለት ተረከብኩ። እንዳንቀሳቀስካቸው አይቻለሁ፣ እሱን ቤት እንነጋገርበታለን። ልጁን ታቅፋለህ። ግን እንዲህ ሆነህ አይደለም፣ ሕፃኑ ይደነግጣል።»

ይህንም ብለው ከመካከለኛው ወንበር ፊት ያለውን ፎጣ ገፈፉ።

እነሆ ብዙ ጀግኖች ስለ ብዙ ነገር ተወድሰዋል፤ ነገር ግን ባሕርን በፎጣ ያስታገሠ፣ በጨው የፈወሰ፣ በማያውቀው ነገር ላይ ወረንጦ ያስነሣ፣ አምስት ተቀብሎ ሃያ ሁለት ያስረከበ ከአባ ምላጭ በቀር ማን አለ? በዚያችም ሰዓት፣ ሦስት ሳምንት ያህል መልካቸውን ያላዩት ጌታ፣ ጢሙ የቆመ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን የተጋደመ አንድ ሰው ከመስታወቱ ውስጥ ሲያፈጥባቸው አዩ። ደረታቸውን ነፉ፤ ያም ነፋ። አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ ያም ቀረበ። የአባ ምላጭ ስም ለዘላለም ይከበር፤ ስንዝር እንኳ አላፈገፈጉም፤ እቴጌይቱ ምላጩን ስለው ወንበሩ ላይ እስኪያስቀምጧቸው ድረስ፣ ሰማያዊው ከሣጥኑ ሆኖ በትዝብት ተመለከታቸው።