ሳይመረቅ ስለተጀመረው የክረምት ትምህርት

ቀን፦ ሰኞ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ቢሮ
ስብሰባው የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡30
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡45፣ ሰብሳቢው ሲደርሱ

የተገኙ የክረምት ትምህርት ኮሚቴ አባላት
1. አቶ ኪዳነማርያም፣ ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ውበቱ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሹመቱ ሳይመጣ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ
3. አቶ አብዱራህማን፣ የወላጆች ተወካይ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ
4. መምህር ሁዜይፋ፣ የሒሳብ መምህር
5. ተማሪ ኢልሀም፣ የተማሪዎች ተወካይ፣ በመስከረም 12ኛ ክፍል የምትገባ
6. መምህርት ብርሀንነሽ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ጸሐፊ

አባላቱ በሙሉ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስላልታየ ሰብሳቢው ጭብጨባ ጠይቀው ተጨብጭቧል።

አጀንዳው ከመጽደቁ በፊት መምህር ሁዜይፋ እጃቸውን አውጥተው፣ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ቆመው ዝናብ እየመታቸው መሆኑን አስታውሰው፣ “መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያስተምር እንወስንና ይግቡ” ብለዋል። ሰብሳቢው የማስተማር ጉዳይ “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር እንደሚታይ አስረድተዋል።

አጀንዳ 1፦ የማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት

አቶ ውበቱ ትምህርቱ ያለ ባነር ቢጀመር ወረዳው እንደ ተጀመረ ሊቆጥረው እንደማይችል ገልጸዋል። በባነሩ ላይ የሚጻፈው “ንቅናቄ” ይሁን “ዘመቻ” በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ተማሪ ኢልሀም “ትምህርት ቢባልስ?” ስትል ጠይቃለች፤ ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

የሚቆረጠውን ሪባን በተመለከተ አቶ አብዱራህማን ከሳቲን ይልቅ ከፋይ እንደሚያምር፣ ከፋይ ደግሞ በከተማው ውስጥ በእሳቸው ሱቅ ብቻ እንዳለ ተናግረዋል። “ወላሂ ለሱቄ ብዬ አይደለም” ሲሉም አክለዋል። ለሱቃቸው ብለው ነው ያለ ሰው አልነበረም።

የክብር እንግዳው ከዞን እንደሚመጡ፣ ጊዜ የሚኖራቸውም ጳጉሜን 2 ቀን መሆኑን ሰብሳቢው አብስረዋል። ተማሪ ኢልሀም “ጳጉሜንማ ክረምቱ አለቀ፤ የምንማረው መቼ ነው?” ስትል ጠይቃለች። ሰብሳቢው ጥያቄውን ገንቢ ነው ብለው አድንቀው ወደ ድምፅ መስጠት አልፈዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የማስጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ጳጉሜን 2 ቀን እንዲካሄድ፣ ከዚያ በፊት ምንም ዓይነት ማስተማር እንዳይደረግ በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊዋ እየጻፈች ስለነበረ ድምፅ አልሰጠችም።

አጀንዳ 2፦ ተማሪዎች ከክረምቱ ትምህርት የላቀ ጥቅም እንዲያገኙ ስለማድረግ

አቶ ውበቱ በጳጉሜን ጥድፊያ ስለሚሆን ተማሪዎቹ ከትምህርቱ ያገኙትን ጥቅም የሚገልጸውን መጠይቅ ዛሬውኑ እንዲሞሉ ሐሳብ አቅርበዋል።

ተማሪ ኢልሀም፦ “ያልተማርነውን ምን ብለን ነው የምንሞላው?”
አቶ ውበቱ፦ “‘እጅግ በጣም ጥሩ’ የሚል ቦታ አለው።”

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኩቶ ዝናብ የመታቸው አንድ አባት ገብተዋል። አቶ ሞላ እንደሚባሉ፣ ከአቀስታ ማዶ ካለ ቀበሌ ልጃቸውን ንግሥቴን ይዘው እንደመጡ ተናግረዋል። ልጅቱ የክረምቱን ትምህርት ለመማር ቤት ተከራይታለች፤ ስንቋንም ይዛለች። እሳቸው ግን እርሻው ሰው ስለሚፈልግ፣ ትምህርቱ ከሌለ ዛሬውኑ ይዘዋት ሊመለሱ ነው።

“ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝና ልሂድ፤ ተጀምሯል ወይስ አልተጀመረም?” ብለዋል።

ሰብሳቢው ትምህርቱ በዕቅድ ደረጃ መጀመሩን አብራርተዋል።

“እሷንስ በዕቅድ ደረጃ ልተዋት?” ሲሉ አቶ ሞላ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው አባል ያልሆነ ሰው በስብሰባ ላይ ጥያቄ ማቅረብ እንደማይችል ገልጸው በረንዳ ላይ እንዲጠብቁ አድርገዋል። አቶ ሞላ ከበሩ ውጭ ልጃቸውን “በይ ዕቃሽን ያዢ” ሲሏት ተሰምቷል። ልጅቱ ስታለቅስም ተሰምቷል።

መምህር ሁዜይፋ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሥተዋል። ሰብሳቢው ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው “ልጀምር” ብለው ወጥተዋል። ተማሪ ኢልሀምም ተከትላቸዋለች። በረንዳ ላይ “አባባ አብሽሩ፣ አይሂዱ! ተጀምሯል!” ብላ ስትጮህ የኮሚቴው አባላት ሰምተዋል።

አስቸኳይ አጀንዳ፦ ከጎረቤት ክፍል ስለሚመጣው ድምፅ

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ተማሪዎች በአንድ ላይ ሲመልሱ በመሰማቱ ውይይቱ ታውኳል። ሰብሳቢው ድርጊቱ “ሕገ ወጥ ማስተማር” መሆኑን፣ እርምጃ ካልተወሰደም ሌላው መምህር ሊለምደው እንደሚችል አሳስበዋል። ማስተማሩ በአስቸኳይ እንዲቆም በሁለት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊዋ አሁንም እየጻፈች ነበር። አቶ አብዱራህማን ድምፅ አልሰጡም፤ ልጃቸው ፈይዛ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። ውሳኔውን እንዲያደርሱ የተላኩትም እሳቸው ናቸው።

አቶ አብዱራህማን አልተመለሱም። አቶ ውበቱ በመስኮት አይተው፣ ከአቶ ሞላ ጋር የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው እያዳመጡ መሆናቸውን ሪፖርት አድርገዋል።

አቶ አብዱራህማንን እንዲያመጡ አቶ ውበቱ ተልከዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመምህር ሁዜይፋ ድምፅ ቆሞ የአቶ ውበቱ ድምፅ ተተክቷል። ሰብሳቢው ውሳኔው እየተነበበ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ጆሮ ሰጥተው ሲያዳምጡ ግን አቶ ውበቱ የሚያስረዱት ስለ ፍጥነትና ፍጥንጥነት ነው። ተማሪዎች የሁለቱን ልዩነት ጠይቀዋቸው ጠመኔ አንሥተዋል አሉ። አቶ ውበቱ ጠመኔ ከያዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲጮህ ጸሐፊዋ ሰምታ አታውቅም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው በቀሩት አባላት ውይይቱ እንዲቀጥል ሐሳብ አቅርበዋል። የቀረችው ጸሐፊዋ ነች። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የኮሚቴውን መመሪያ አንብባለች፤ አባላት ከግማሽ በታች ሲሆኑ ስብሰባው ይቋረጣል፣ በዕለቱ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። መመሪያውን ያረቀቁት ሰብሳቢው ናቸው።

“ሥነ ሥርዓቱም?” ብለዋል ሰብሳቢው።
“እሱም።”
“ማስተማሩ የተከለከለበትስ?”
“እሱም፣ ጋሼ።”

ሰብሳቢው ቢያንስ ባነሩ እንዲተርፍ ለምነዋል። መመሪያው ስለ ባነር የተለየ ነገር አይልም።

ከቀኑ 6፡20 ላይ አቶ ሞላ ከክፍል ወጥተው ወደ መናኸሪያ ብቻቸውን ሲሄዱ በመስኮት ታይተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤው በመጓደሉ በዚህ ስብሰባ የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል፤ ስለዚህም በጎረቤት ክፍል ያለውን ትምህርት የሚከለክል ነገር የለም። ስብሰባው 6፡30 ላይ አብቅቷል። ሰብሳቢው ቀጣዩን ስብሰባ ቢጠሩም ቀጠሮውን የመዘገበ የለም፤ ጸሐፊዋ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜዋ ደርሶባት ወጥታለች።