ጋሽ መንገሻና የማይካፈለው ቁጥር

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው ይመደባል። ለሳን ሆዜ የቤት ዋጋ የሚያስረዳ ደረሳት፤ ለበርክሌ ፖለቲካ የሚያስረዳ። እኛ የኦክላንዶቹ ግን ምን በድለን እንደሆነ አላውቅም፣ ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ መንገሻ ደረሱን። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ የፕራይም ቁጥር ሊቅ ናቸው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ።

"ፅጌ፣ ፕራይም ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም ዲቫይድ የማያደርገው ነው" ይሉኛል ደረጃ ላይ አስቁመው። ሰምቻለሁ ብል አይሰሙኝም። "ትልቁን ለማግኘት ሁለትን በሁለት ስታባዢ፣ ስታባዢ ትከርሚና አንድ ትቀንሻለሽ። አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ሲሠራ ግን አሥራ ሦስት ሚሊዮን አሃዝ ነው።" አንድ መንገደኛ ከኤርፖርት ጭነው ይህንኑ ጀመሩለት፤ ሰውየው ሳን ሆዜ ሳይደርስ ፍሪሞንት ላይ ወረደ ይባላል። አንድ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟቹ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ማረፋቸውን ሲሰሙ፣ "ጥሩ ቁጥር ነው፤ ፕራይም ነው" ብለው ልጆቹን አጽናንተዋል። እግዜር ይይላቸው።

ቤታቸው ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒዩተር አለ። እንደ እሳቸው ያሉ የዓለም ሰዎች ቁጥር ተከፋፍለው ይፈትሻሉ አሉ። የደረሳቸውን አንድ ቁጥር ፕራይም መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጃል። ሌሊት ከጣሪያዬ በላይ የሚሰማኝን የኮምፒዩተሩን ማጉረምረም ስንቴ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በፈረንጆቹ 2009 መጀመሪያ እናቴ ታመመች። ሳንባዋ ደክሞ የኦክስጅን ማሽን ተሰጣት። ቤታችን አሮጌ ነው፤ ላይና ታች በአንድ የመብራት መስመር ነው የምንጠቀመው። ማሽኑና ኮምፒዩተሩ አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱ ይጠፋል። አከራዩ "ነገ አሠራዋለሁ" ሲል ከረመ። ሁለተኛ ጊዜ መብራት ሲጠፋ እናቴ አየር አጥሯት እጄን ጨምድዳ ያዘችው፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሽማግሌውን ልሳደብ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

በሩ ክፍት ነበር። ጋሽ መንገሻ ተንበርክከው ኮምፒዩተሩን ከሶኬቱ እየነቀሉ ነው።

"ስንት ቀርቶት ነበር?" አልኳቸው፣ ስድቡ ጠፍቶኝ።

"ሦስት ቀን። ፕራይም ከሆነ ዓለም ሳይፈጠርም ፕራይም ነበር፤ ይጠብቃል። እማማ ግን አይጠብቁም። ብሬከሩን እኔ ኦን አደርገዋለሁ፤ አንቺ እሳቸው ጋ ሁኚ።"

እናቴ ለፋሲካ አልደረሰችም። ሠልስቷ እንዳለፈ ሁለቱ ወንድሞቼ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሳን ሆዜ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለጋሽ መንገሻም፣ "እንግዲህ ኮምፒዩተሩን ይክፈቱት፤ ማንን ይረብሻል" አልኳቸው።

"አርባቸው ሳይወጣ?" አሉኝ፣ እንደ ባለጌ እያዩኝ።

"ቁጥርዎስ?"

"ቁጥር የሚያድሉት ሰዎች ላይ ቆየሁባቸው። ለሌላ ሰው ሪአሳይን አድርገው ሰጥተውታል።"

የወለደቻቸው ልጆች ሦስት ቀን ያዘኑላትን ሴት፣ የጎረቤት ኮምፒዩተር አርባ ቀን ሐዘን ተቀመጠላት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ መንገሻን መጥላት አቅቶኛል።