ክብርት ታክ እና የኋላው ረድፍ

የገዛ ሙያውን በቴሌቪዥን ድራማ እያየ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ነርሷ አክስቴ የሆስፒታል ድራማ በመጣ ቁጥር የመርፌ አያያዝ ታርማለች። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን ደግሞ መኪና መኪናን ሲያሳድድ ካየ "ማርሽ ቀይር እንጂ፣ አንተ!" እያለ ግድግዳውን ያናውጠዋል። እነዚህን ሁሉ ጭምት የሚያስመስሉ አንዲት ሴት ግን አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ኦዲተር የነበሩት፣ ጡረታ የወጡትም በወረቀት ብቻ የሆነው ክብርት ታክ ኦክሂ።

እኔ ለቀረጻ የሚያስፈልገውን ዕቃና ወረቀት የማዘጋጅ ሴት ነኝ። ዓምና ስለ አንዲት ወጣት ኦዲተር የሚተርክ ድራማ እንሠራ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በተላለፈ ማግስት ክብርት ታክ ዐሥራ አራት ገጽ የስሕተት ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው ሴኡል እስካለው ቢሯችን ድረስ መጡ። ዳይሬክተራችን ማ ዶንጉክ ዝም እንዲሉለት ብሎ አማካሪ አድርጎ ቀጠራቸው። በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ማለት ይኼ ነው።

ካሜራ ሦስት ሰከንድ ለሚያየው የሂሳብ መዝገብ የመጣልኝን ቁጥር ሁሉ ሞልቼ አቀረብኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ሄጂን፣ ግራና ቀኙ አይገጥምም።"

"እሜቴ፣ ሦስት ሰከንድ እኮ ነው!"

"ሌባም ከዚያ በላይ አይፈልግም።"

አርባ ገጽ እንደገና ሠራሁ። በሆዴ ያልረገምኳቸው እርግማን የለም።

ሌላ ቀን ዋናዋ ተዋናይት ሶል ሀራ ሪፖርቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ "አቁሙ!" አሉ። እኛ ከካሜራው ኋላ አብረናት እያለቀስን ነበር። "ልጄ፣ ማልቀሱን አልቅሺ፤ ወረቀቱን ግን ወደዚያ ገፋ አድርጊው። ፊርማ አለበት።"

የፍቅሩማ ነገር አይነሣ። በድራማው ሀራን የሚያፈቅራት የምትመረምረው ድርጅት ባለቤት ልጅ ነበር። ሐብል ሊያጠልቅላት ሲል ክብርት ታክ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ከምትመረምሪው ሰው ስጦታ? ወይ ፍቅሩን ተዪ ወይ ሥራውን!" ደራሲው አንድ ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ ልጅቷ ሐብሉን እንድትመልስ አድርጎ ጻፈው፤ ያ ክፍል ሲተላለፍ እናቴ እንኳ ደውላ "ጎበዝ ልጅ!" አለችኝ።

የመጨረሻው ቀን ቀረጻ ኢንቾን ወደብ አጠገብ በተከራየነው መጋዘን ውስጥ ነበር። በታሪኩ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካው የሌለውን ዕቃ አለኝ ይላል፤ ኦዲተሯ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ማጭበርበሩን ትደርስበታለች። እኔ ካርቶኑን እስከ ጣሪያው ደርድሬ ጨርሻለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ክብርት ታክ በክምሩ ዙሪያ ሲዞሩ ቆዩና "ከኋላ ያሉት ውስጥ ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምንም የለም፣ እሜቴ። ዓሣ ያለው የፊቱ ረድፍ ላይ ብቻ ነው። የኋላውን ካሜራው አያየውም።"

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ።

"ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መጋዘን ቆጥሬ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የፊቱን ረድፍ አስከፈትኩ፤ ሙሉ ነው። ብርድ ነበር፤ መሰላሉ ይወዛወዛል፤ አውቶቡሱ እየጠበቀኝ ነው። ፈረምኩ። ከኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር። በስድስተኛው ወር ፋብሪካው ተዘጋና ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ሥራ ፈታ። አንዷ ዓሣ አጣቢ ቢሮዬ መጣች። አልሰደበችኝም። 'መሰላል አልነበረም እንዴ?' ብቻ አለችኝ።"

ከዚያ ተነሥተው ዳይሬክተሩ ፊት ቆሙ። "ኮምፒውተሩ ይቅር። ልጅቷ ትውጣና የኋላውን ትክፈት።"

"እሜቴ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል! መጋዘኑን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናስረክባለን። መብራቱን ማዞሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ደግሞስ ተመልካቹ ልዩነቱን በምን ያውቃል?"

ክብርት ታክ ጫማቸውን አወለቁና በስድሳ ሦስት ዓመታቸው መሰላሉን መውጣት ጀመሩ።

"ኧረ ይውረዱ! ይወድቃሉ!"

"ያኔ ፈርቼ ነው የቀረሁት። አንተ ካሜራህን አዙር።"

ሁላችንም እግራቸውን እያየን ደረቅን። መሰላሉን ሮጬ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሀራም ካባዋን ጥላ መጣች። "ይውረዱልኝ፣ እናቴ። እኔ እወጣለሁ።" ማ ዶንጉክ ሁለታችንን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ "በሉ፣ መብራቱን አዙሩ!" ብሎ ጮኸ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽነው፤ ለሁለተኛ የሚሆን ሰዓት አልነበረንም። ሀራ የፊቱን ካርቶን እየታገለች አወረደችው። ሁለተኛውንም። ወደ ኋላው ረድፍ ተንጠራርታ ሦስተኛውን በዚያው ጉልበት ስታነሣው፣ ካርቶኑ እንደ ላባ ብድግ አለና ራሷን ሊጥላት ደረሰ። የፊቷ ድንጋጤ ትወና አልነበረም። ከመሰላሉ ሥር ክብርት ታክ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል፤ ዕንባቸው በጣቶቻቸው መሀል ይወርዳል። ወደዚያ የምገፋላቸው ወረቀት ስላልነበረ ዕንባቸውን የሚያብሱበት የራሴን ሻርፕ ሰጠኋቸው።

አሁን የሆስፒታል ድራማ ላይ ነኝ። ሂሳብ የሚባል ነገር አይነካካውም፤ ያለው አንድ የመድኃኒት ደረሰኝ ብቻ ነው። እሱንም በጥንቃቄ ደመርኩት፤ ሁለት ጊዜም አረጋገጥኩት። ከዚያ ሆን ብዬ ሰባት ሺህ ዎን አጎደልኩበትና "እስቲ አንዴ ይዩልኝ" ብዬ ለክብርት ታክ ላኩላቸው።

በማግስቱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የቢሯችን በር ላይ ቆመው ኮታቸውን እያወለቁ ነበር።